የሹራብ ክር ክምችት በጅማ፦ ከጥር እስከ ነሐሴ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥር መጀመሪያ፦ ማውጣትና መለየት

ሥራው ጥር ላይ የተጀመረው ሆን ተብሎ ነው። ጅማ ላይ በጋው አጭር ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ዝናቡ ይከታተላል፣ እስከ ጥቅምትም በቅጡ አይለቅም። ክር ማጠብ፣ ማድረቅና አሽጎ ማስቀመጥ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ካላለቀ ለከርሞ ይቆያል።

ክምችቱ ከፊሉ አልጋ ሥር በካርቶን፣ ከፊሉ ቁም ሳጥን ውስጥ በፌስታል፣ የቀረው በቡና ጆንያ ነበር። ሁሉም ነጭ አንሶላ ላይ ተዘረገፈ። የብል ትል ኩስ የሚበላውን ክር ቀለም ስለሚይዝ ጠቆር ባለ ጨርቅ ላይ አይለይም። ቀይ ክር ሥር ቀይ የአሸዋ ቅንጣት የሚመስል ነገር ከታየ ትሉ እዚያው አለ ወይም በቅርቡ ነበር። ነጭ የድር ቱቦም ምልክት ነው፤ ጥቅሉ ሲተረተር ክሩ በየመሐሉ ተበጥሶ መገኘቱም እንዲሁ። መብራት የምትዞር የእሳት እራት ሁሉ ግን ብል አይደለችም። የልብስ ብል ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር የምትሆን፣ የገለባ ቀለም ያላት፣ ከብርሃን የምትሸሽ ናት። እሷ ራሷ ክር አትበላም፤ የሚበላው ትሉ ነው፣ እሱም ሱፍ፣ ከፍየል ፀጉር የሚሠራው ሞሄርና ሐር እንጂ ላብ ወይም ምግብ ያልነካው ጥጥና አክሪሊክ (ሰው ሠራሽ ክር) አይፈልግም።

ጆንያው ከሥራ ወጥቷል። የሚሠራበት ቃጫ (ጁት) ሲፈተል ዘይት ይነካዋል፣ ሽታው ወደ ሱፍ ይገባል፤ ቃጫው ረግፎ ክሩ ውስጥ ይሰካል፤ በዚያ ላይ እርጥበት ይስባል። ጆንያ ቡና እንደሚይዝ ሁሉ ክርም ይይዛል ብሎ ማሰብ ጅማ ላይ የተለመደ ነው፣ ግን አይሆንም።

ሦስት ክምር ተሠራ፤ ንጹሕ፣ አጠራጣሪና የተበላ። የተበላው ከ10 ሜትር በታች ቁርጥራጭ ከሆነ ለትራስ መሙያ እንኳ አይቀመጥም፣ ወዲያው ይቃጠላል። አብሮ የሚቀር እንቁላል የቀረውን ይበክላል።

ጥር አጋማሽ፦ ብሉን መግደል

አጠራጣሪው የሱፍና የሐር ክምር በሙሉ በወፍራም ፕላስቲክ ተደርጎ፣ አየሩ ተጨምቆ ወጥቶ፣ በስኮች ታሽጎ ፍሪዘር ገባ። የሚፈለገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሁለት ሳምንት ነው። አንድ በር ያላቸው ማቀዝቀዣዎች ላይኛው የበረዶ ሳጥናቸው ብዙ ጊዜ እዚህ አይደርስም። ስለዚህ መጀመሪያ ቴርሞሜትር አስገብቶ አድሮ ማየት ያስፈልጋል። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሙቀቱ ከፍ ካለ ቆጠራው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ነገሩ አሰልቺ ነው፣ ነገር ግን በግማሽ የቀዘቀዘ እንቁላል አይሞትም።

ሲወጣ ወዲያው አይከፈትም። ታሽጎ ለአንድ ቀን በክፍል ሙቀት ይቀመጣል፤ ጤዛው ፕላስቲኩ ላይ ይሁን እንጂ ክሩ ላይ አይረፍ።

ፍሪዘር ለሌለው በሚል ጥቁር ፌስታል ውስጥ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ተሞክሯል። የፌስታሉ ውጪ ይግላል፣ የቴርሞሜትሩ ጫፍ ጥቅሉ መሐል ሲገባ ግን ሙቀቱ ትል ወደሚገድለው 50 ዲግሪ አካባቢ ሳይደርስ ፀሐዩ ይዞራል። ሱፍ ሙቀት አያሳልፍም፣ ለዚያም አይደል የሚለበሰው። ጥቅሉ ወደ ልቅ ቱባ ተፈትቶ በስሱ ቢዘረጋ ይሻላል፣ ያም ቢሆን እርግጠኛ ዘዴ አይደለም።

ናፍታሊን አልገባም። ተኑ በታሸገ ሣጥን ካልተጠራቀመ ትሉን አይገድልም። ከተጠራቀመ ደግሞ ሽታው ከሱፍ አይለቅም፣ ሕፃን ላለበት ቤትም አደገኛ ነው። ለሕፃን ሹራብ በሚሠራበት ክር ላይ ጨርሶ አይታሰብም። የሐበሻ ጥድ ፍቅፋቂ በትንሽ ከረጢት ተሰፍቶ ገብቷል፤ ያባርር ይሆናል እንጂ አይገድልም፣ ሽታው ሲደክም እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቆ ማደስ ይቻላል። የፈረንጅ ጥድ ይህ ሽታ የለውም፤ አናጺ ቤት ሲጠየቅ ተለይቶ ይጠየቅ።

ጥር መጨረሻ፦ ይህ ምን ክር ነው?

ገበያ ላይ የሚገኘው ክር ብዙው ወረቀቱ የወለቀ ነው። ሻጩ ሁሉንም «ሱፍ» ይለዋል፣ አብዛኛው አክሪሊክ ነው። መለያው እሳት ነው። 5 ሳንቲሜትር ቁራጭ በወረንጦ ተይዞ፣ ሥሩ ውሃ ያለበት ሳህን ተደርጎ ይለኮሳል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲነሳ ራሱ ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ይደቅቃል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም ጫፉ እየፋመ ይቆያል፣ አመዱ ግራጫና ልስልስ ነው። አክሪሊክ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝ የማይፈጭ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። የሚንጠባጠበው ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ የውሃው ሳህን ለዚህ ነው።

ድብልቅ ሲሆን እሳቱ ያምታታል። ያኔ በረኪና ነው። 2 ግራም ክር 5% በረኪና ውስጥ ይነከራል፤ ሱፍና ሐር ይሟሟሉ፣ አክሪሊክና ጥጥ ይቀራሉ። የቀረው ታጥቦ ደርቆ ይመዘናል። 2 ግራም ገብቶ 1.2 ከወጣ፣ 60% ያህሉ ሱፍ አይደለም ማለት ነው። መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ ይሠራ። ኮምጣጤ ከበረኪና ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው።

በዚህ ፈተና «ንጹሕ ሱፍ» ተብሎ የተቀመጠው ሲሶ ያህሉ አክሪሊክ ሆኖ ተገኘ። ጉዳት የለውም፤ ለፍሪዘርና ለሣጥን የሚፈለገው ቦታ ቀነሰ።

የካቲት መጀመሪያ፦ ቱባ ማዞሪያ

ርዝመት የሚለካ መሣሪያ ሳይኖር ክር መመዝገብ አይቻልም። የተሠራው ቀላሉ የመስቀል ዓይነት ነው። ጅማ የአናጺ ከተማ ስለሆነች የዋንዛ ቁራጭ ማግኘት አይከብድም፤ ብቻ በደንብ የደረቀ ይሁን፣ እርጥቡ በወር ውስጥ ይጣመማል።

ሁለት ጣውላ፣ እያንዳንዱ 80 ሳ.ሜ ርዝመት፣ 4 ሳ.ሜ ወርድ፣ 2 ሳ.ሜ ውፍረት። መሐላቸው ላይ እያንዳንዳቸው 1 ሳ.ሜ ተበልተው መስቀል ሆነው ይጋጠማሉ፣ በኮላ። መሐሉ ላይ ከላይም ከታችም 22 ሚ.ሜ ስፋትና 7 ሚ.ሜ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይበሳል፤ ቁጥር 608 ኩሽኔታ ልክ ይገባበታል (ውጪው 22፣ ውስጡ 8፣ ወርዱ 7 ሚ.ሜ)። በሁለቱ መካከል 12 ሚ.ሜ ቀዳዳ። የ8 ሚ.ሜ ብሎን ከመቆሚያው ጣውላ ወደ ላይ ያልፋል። አንድ ኩሽኔታ ብቻ ከተደረገ መስቀሉ ይወላገዳል፣ ስለዚህ ሁለት ነው።

ከኩሽኔታው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ተደርጎ ነበር፤ የኩሽኔታውን ሽፋን እየፋተገ ዙሩን አከበደው። በሮንዴላው ፋንታ ዳዶ ሲገባ የውስጡን ቀለበት ብቻ ስለሚነካ ተስተካከለ። የላይኛውም ዳዶ በጣም ከጠበቀ ዙሩን ያንቃል፤ ላላ አድርጎ በሁለተኛ ዳዶ መቆለፍ ነው። መቆሚያው ጠረጴዛ ላይ በሞርሳ ይታሰራል።

በመስቀሉ አራት ክንዶች ላይ የሚቆሙት፣ ክሩ የሚዞርባቸው ሹካዎች 12 ሚ.ሜ ድብልብል እንጨት ናቸው፣ ከጣውላው በላይ 12 ሳ.ሜ የሚወጡ። ርቀታቸው በስሌት ነው፤ ለአራት ሹካ የክሩ ዙሪያ ማለት ከመሐል ያለው ርቀት በ5.657 ተባዝቶ፣ የሹካው ውፍረት ዙሪያ 3.8 ሳ.ሜ ሲደመርበት ነው። ስለዚህ ለ1.2 ሜትር ዙር 20.5 ሳ.ሜ፣ ለ1.5 ሜትር 25.8፣ ለ2 ሜትር 34.7 ሳ.ሜ ላይ ይበሳል። የሹካው ውፍረት ከተረሳ በየዙሩ 4 ሳ.ሜ ገደማ ይሳሳታል፣ በ100 ዙር ወደ 4 ሜትር ማለት ነው። ክሩ አንዱ በአንዱ ላይ ከተደራረበም ዙሪያው ስለሚያድግ 5 ሳ.ሜ ወርድ ላይ ዘርግቶ ማጠንጠን ይገባል። በየ20 ዙሩ በባለቀለም ክር ምልክት ይታሰራል፤ ቆጠራ ሲጠፋ ከመጀመሪያው ላለመነሳት።

ብርጭቆ ወረቀቱ 120 ከዚያ 240። ጣት ሲሄድበት የማይዝ ቢመስልም ሞሄር ይይዛል። የሴት ስቶኪንግ ሲጎተትበት ካልተያዘ ያን ጊዜ አልቋል። ቫርኒሽ አልተቀባም፤ በዚህ አየር ሳምንት ሙሉ ይጣበቃል።

ከወጪው ትልቁ ለትራፓኖ ሥራው የተከፈለው ነው። ኩሽኔታና ብሎኑ ተደምረው ከአንድ ጥሩ የሱፍ ጥቅል ዋጋ አይዘሉም።

የካቲት መጨረሻ፦ ከሰልባጅ የሚተረተር

ጥሩ ሱፍ በርካሽ የሚገኘው ሰልባጅ ተራ ነው፣ ግን ሹራቡ ከመገዛቱ በፊት ተገልብጦ ስፌቱ ይታያል። ጎኑ ላይ በኦቨርሎክ ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ እያንዳንዱ ረድፍ ተቆርጧል፣ የሚወጣው በአንድ የደረት ወርድ ልክ ቁርጥራጭ ነው። ጠርዙ ሳይቆረጥ በሰንሰለት ስፌት የተያያዘ ብቻ ይገዛል። በሙቅ ውሃ ታጥቦ የተጣበቀ፣ ዓይኑ የማይለይ ሹራብም አይተረተርም።

መጀመሪያ ፍሪዘር፣ ከዚያ መፍታት። እጅጌ፣ አንገት፣ ጎን ተለያይቶ መተርተሩ ሥራው ካለቀበት ጫፍ ይጀመራል፤ ከተጀመረበት በኩል ከሆነ በየዓይኑ ይቋጠራል። በቀጥታ ወደ ማዞሪያው ይገባል፤ መሬት ላይ ከተከመረ ውሉ ይጠፋል። ቱባው በአራት ቦታ በስምንት ቅርጽ ላላ ተደርጎ ይታሰራል።

ለብ ባለ 30 ዲግሪ ውሃ፣ በትንሽ ሻምፖ፣ 20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል። አይታሽም። ዱቄት ሳሙና አልካሊ ነው፣ ብዙዎቹም ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም አላቸው፤ ሱፍ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ማለቅለቂያው ውሃ ሙቀቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ይሁን። በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፣ ጥላ ሥር ይሰቀላል። ቶሎ እንዲቃና ብሎ ጠርሙስ ማንጠልጠል ክሩን ይለጥጠዋል፤ ያኔ የተለካው ሜትር ሹራቡ ታጥቦ ሲሰበሰብ ሐሰት ይሆናል። የተሸበሸበው በውሃው ብቻ በቂ ያህል ይቃናል። ከመታጠቡ በፊት ግን አይለካ፤ ሽብሽቡ ሜትሩን ያሳንሰዋል።

መጋቢት፦ መዝገቡ

የመጀመሪያው መዝገብ በጥቅል ቁጥር ነበር፣ «ሰማያዊ 6 ጥቅል» ዓይነት። ለምንም አይረዳም። ጥቅል 50 ግራም ይሁን 100፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም አይናገርም። የተቀየረው እያንዳንዱ ክር ካርድ እንዲኖረው ነው፤ 15 ሳ.ሜ ቁራጭ ተለጥፎ፣ ዓይነቱ፣ ጠቅላላ ሜትሩ፣ በ100 ግራም ስንት ሜትር እንደሚሆን፣ የቀለም መንከሪያ ቁጥሩ (አብረው በአንድ ጊዜ የተነከሩ ጥቅሎች የሚጋሩት)፣ የሚስማማው መርፌ፣ የሜትሩ ዋጋ። የካርዱ ፎቶ ስልክ ላይ፣ ቁጥሮቹ ኤክሴል ላይ።

የሜትሩ ዋጋ ብዙ ዓይን ይከፍታል። 100 ግራሙ 180 ብር የሆነ ወፍራም ክር 120 ሜትር ቢኖረው፣ 50 ግራሙ 150 ብር የሆነ ቀጭን ደግሞ 200 ሜትር ቢሆን፣ ውድ የመሰለው በሜትር 75 ሳንቲም፣ ርካሽ የመሰለው 1.50 ብር ነው።

ወረቀት ለሌለው ክር፣ 10 ሜትር በትክክል ተለክቶ ይመዘናል። የወጥ ቤት ሚዛን አይበቃም። 10 ሜትሩ 4 ግራም ቢል እውነቱ ከ3.5 እስከ 4.5 ሊሆን ይችላል፣ ያ ማለት በ100 ግራም ከ222 እስከ 286 ሜትር፤ ልዩነቱ ሁለት የተለያየ ክር ነው። 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል፣ ወርቅ ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት።

የቀለም መንከሪያ ቁጥር ያልታወቀ ከሆነ ጥቅሎቹ ውጪ፣ በቀን ብርሃን፣ ጎን ለጎን ይታያሉ። በአምፖል አንድ የመሰለ ቀለም በፀሐይ ሁለት ይሆናል። የሚለያዩ ከሆነ በየሁለት ረድፉ እያፈራረቁ መሥራት ልዩነቱን ይበትነዋል።

ለምን ያህል ሥራ ይበቃል የሚለው በግምት ይጻፍ፤ በ100 ግራም 250 ሜትር በሚሆን ክር ለኮፍያ ከ100 እስከ 150 ሜትር፣ ለአዋቂ ሹራብ ከ1,100 እስከ 1,400። ከዚህ በታች ያለ ክምር ለብቻው ሹራብ አይሆንም፣ «ለመስመር» ተብሎ ይለያል። እዚህ ላይ ክምችቱ ራሱን አጋለጠ፤ ለአንድ ትልቅ ሥራ የሚበቃ አንድ ዓይነት ክር ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ሚያዝያ፦ ማሸግ

ክዳኑ ጎማ ያለው 40 ሊትር ፕላስቲክ ሣጥን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳ እጅ ያህል ርቆ። ፕላስቲክ የሆነው ለአይጥና ለምስጥ ሲባል ነው። ጥቅሎች ላላ ብለው ይጠነጠናሉ፣ ሦስት ጣት ከክሩ ሥር ገብቶ። ጠብቆ የተጠነጠነ ሱፍ ተለጥጦ ይቆያል፣ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ከሥራው በፊት በተሠራው ናሙና ላይ የተቆጠረው የሹራብ ዓይንም አብሮ ይዛባል።

እርጥበት መለኪያው (ሃይግሮሜትሩ) ከመታመኑ በፊት በጨው ይፈተናል። በጠርሙስ ክዳን ጨው፣ ጭቃ እስኪሆን ጥቂት ውሃ፣ ከመለኪያው ጋር በታሸገ ዕቃ ውስጥ ያድራል። ጠዋት 75% ማለት አለበት፤ 70 ካለ፣ ሁልጊዜ 5 መደመር ነው። የታሸገ የገበታ ጨው እንጂ አሞሌ አይሁን፤ ሌላ ማዕድን ካለበት ቁጥሩ ይዛባል። ጨው ሣጥን ውስጥ አድርጎ እርጥበት ማስመጠጥ ለምን እንደማይሠራም ይኸው ያሳያል፤ ከ75% በታች ምንም አይስብም፣ ሻጋታ ደግሞ ከ65 እስከ 70 ላይ ይነሳል። ሩዝም አይረባም፣ ነቀዝ ይጠራል።

የሚሠራው ሲሊካ ጄል ነው፣ ግን ከጫማ ካርቶን የተሰበሰበው ባለ 5 ግራም ከረጢት አይደለም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 40 ሊትር አየር ውስጥ ያለው ውሃ ቢበዛ አንድ ግራም አይሞላም። ውሃው ያለው ሱፉ ውስጥ ነው። 3 ኪሎ ሱፍ በ75% እርጥበት ታሽጎ ወደ 55% እንዲወርድ ከ100 ግራም በላይ ውሃ መልቀቅ አለበት። ያን ለመያዝ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሲሊካ ይጠይቃል። 20 ትንንሽ ከረጢት 30 ግራም ቢይዝ ነው። መፍትሔው ሲሊካ መጨመር ሳይሆን ሱፉን በደረቁ ወር ደርቆ ሳለ ማሸግ ነው፤ ያኔ ለሣጥኑ 200 ግራም ሲሊካ ሲከፈት የሚገባውን ለመያዝ ይበቃል። የካቲት መጨረሻ ላይ የታሸጉት 54% ሲያነቡ፣ ሚያዝያ ላይ የታሸገው ያው ክር 68% ላይ ተጀመረ፤ ተከፍቶ ለከርሞ በጋ ተይዟል።

ሲሊካው ሲጠግብ በ120 ዲግሪ ኦቨን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይታደሳል፣ ከከረጢቱ ወጥቶ። የእንጀራ ምጣድ በጣም ይግላል። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት ክሎራይድ አለበት፣ መርዝ ነው፤ ምግብ በሚሠራበት ዕቃ ላይ አይዘርጋ። ብርቱካናማው ይሻላል።

ሰኔና ሐምሌ፦ ሚዛኑ ለምን ይዋሻል

ከሣጥን ውጪ የቀሩ የሱፍ ትራፊዎች ሲመዘኑ ሁሉም «አድገው» ተገኙ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ በ65% የአየር እርጥበት ሱፍ ከደረቅ ክብደቱ 16% ያህል ውሃ ይይዛል፣ ጥጥ 8% ገደማ፣ አክሪሊክ 2% እንኳ አይሞላም። እርጥበቱ ሲጨምር የሱፉም ይጨምራል፣ እጅ ላይ ግን ደረቅ ነው። ስለዚህ አክሪሊክ በማንኛውም ወር ሊመዘን ይችላል፣ ሱፍ አይችልም።

ለዚህ የተበጀው መቆጣጠሪያ ጥቅል ነው። ያልተከፈተ፣ 50 ግራም 125 ሜትር የሚል የሱፍ ጥቅል ከትራፊዎቹ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ጥር ላይ 48.6 ግራም ነበር፣ ሰኔ ላይ 52.1 አለ። በዚያው ቀን የተመዘነ የዚያው ክር ትራፊ 37 ግራም ቢሆን፣ 125 በ37 ተባዝቶ ለ52.1 ይካፈላል፦ 89 ሜትር። በጥር ወር ክብደት ቢሰላ 95 ሜትር ይባል ነበር፣ ሥራው መሐል ላይ 6 ሜትር የሚያጎድል ስህተት። ለሌላ የሱፍ ክር ደግሞ ክብደቱን ለ1.072 አካፍሎ በራሱ የጥር ቁጥር ማስላት። ሁለቱም ቢያንስ ሁለት ቀን አንድ ቦታ ይደሩ፤ ከሣጥን አሁን የወጣ ክር ከክፍሉ አየር ጋር ገና አልተስተካከለም።

ሻጋታ የታየው ክር ላይ ሳይሆን ካርቶን እምብርት ባላቸው ሁለት የጥጥ ጥቅሎች ላይ ነው። ወረቀቱ ቀድሞ ይጠጣል። ሁሉም የካርቶን እምብርቶች ወጥተው ተጥለዋል። የላዩ ሻጋታ ደጅ ወጥቶ፣ አፍንጫ ተሸፍኖ በብሩሽ ተጠርጓል፤ ጥጡን የያዘው ጥቁር ነጥብ ግን አይለቅም።

ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ሣጥን ሐምሌ ላይ 61% ደረሰ፣ ያልተከፈተው 55 ላይ ነው። በሥራ ላይ ያለው ክር ለብቻው ወደ ትንሽ ሣጥን ወጣ።

ነሐሴ፦ የእጅ ፈትል ጥጥ

ከገበያ የተገዛው የእንዝርት ፈትል ለጋቢ ማግ እንጂ ለሹራብ የተሰናዳ አይደለም። በነጠላው ሲሠራ ጨርቁ ወደ አንድ ጎን ይጋደማል፣ አራት ማዕዘን የነበረው ናሙና ይሸሻል። ክሩ በአንድ አቅጣጫ ስለተጠመዘዘ ነው፤ በእንፋሎት ማስተካከልም እስከሚቀጥለው እጥበት ብቻ ነው። ሁለት ነጠላ አንድ ላይ ተደርጎ እንዝርቱ በተቃራኒ ሲሽከረከር ጠመዝማዛው ይጣጣማል። ልክነቱ የሚታወቀው አንድ ክንድ ያህል ተይዞ በመሐሉ ሲላላ ነው፤ በራሱ ላይ ካልተጠማዘዘ በቅቶታል። ከዚያ አንድ ሰዓት ይቀቀላል። በጅማ ከፍታ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ለዚህ ሥራ ይበቃል። የመጀመሪያው ውሃ እንደ ሻይ ይጠቁራል፤ የጥጡ ሰምና ቆሻሻ ነው፣ ተደፍቶ ይደገማል።

የተደረበው 3.5 ቁጥር መርፌ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የቀረው ፈትል ሁሉ እየተደረበ ነው፤ መቀቀሉና ማድረቁ ግን ለኅዳር ተይዟል።